ጓዳ ያልኩት ሰላጤ

ሰኞ

አምስት ናቸው። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ከዓይኑ ጥግ ጀምሮ ወደ ጎን፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። በሌላውም በኩል አምስት። ቅርፊቱ ጠርዝ ላይ የተደረደሩ፣ ሹል ሹል ያሉ የመጋዝ ጥርሶች። እዚህ ባሕር ውስጥ ከሚኖሩት ከኛዎቹ ሸርጣኖች አንዱም እንዲህ ዓይነት ጥርስ የለውም።

ጭቃው ላይ ተንበርክኬ፣ ሸርጣኑን ከጀርባው ይዤ፣ በጎ ፈቃደኛችንን ጋሼ ደምሴን ቀና ብዬ አየኋቸው። ባልዲውን አስጠጉልኝ።

ትናንት ስድስት ወጥመድ ጥለን ነበር። ዛሬ ባሕሩ ሲሸሽ አነሳን፦

አንደኛው ባዶ።
ሁለተኛው የኛዎቹ ብቻ። ለቀቅናቸው።
ሦስተኛው ሁለት አረንጓዴ ሸርጣን፣ ባለ አምስት ጥርሱ።
አራተኛው ባዶ።
አምስተኛው አራት አረንጓዴ።
ስድስተኛው አንዲት ሴት። ሆዷ ሥር እንቁላል ታቅፋለች። ብርቱካንማ ነው፣ ስፖንጅ ይመስላል።

እንቁላሉን አገላብጬ ደግሜ አየሁት። አንድ መንገደኛ ሸርጣን በማዕበል ተገፍቶ ቢገባ ሌላ ነገር ነው። እንቁላል የታቀፈች ግን እዚሁ ቤት ሠርታለች ማለት ነው።

የመጣነው ጆአን ፎቶ ስለላከችልን ነው። ጆአን ሰማንያ ያለፋት ሴት ናት፣ ሰላጤው ዳር ብቻዋን ትኖራለች፣ ከቤቷ ፊት ለፊት ያለው ጭቃ ውስጥ ክላም የሚሉትን ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር ምግብ ታረባለች። ፎቶውን ሳየው ብዥ ያለ ነበር። ባይሆን ብዬ ጸለይኩ። ወላሂ ጸለይኩ።

ይሄ ሸርጣን የዚህ ባሕር ፍጥረት አይደለም። ከሩቅ መጥቶ ነው። ክላሙን ገና ጥፍር ሳያህል ይጨርሰዋል። ትንንሽ ዓሣ የሚያድግበትን የባሕር ሣር ከሥሩ እየቆፈረ ይነቅላል። የኔ ሥራ ደግሞ የት ሊገባ እንደሚችል፣ ከገባ ምን እንደሚያጠፋ፣ ምን ቢደረግ እንደሚሻል መገመት ነው። ዳርቻውን በሚከታተለው ቢሮአችን ስጋት ገምጋሚ ይሉኛል።

ይቺን ሰላጤ ከሁለት ዓመት በፊት የገመገምኳት እኔ ነኝ። አፏ ጠባብ ነው፣ ከዋናው ባሕር ተደብቃ ነው የተቀመጠችው። ማስታወሻዬ ላይ «ጓዳው» ነበር የምላት። «ስጋቱ ዝቅተኛ» ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ምክንያት የክትትሉ ወጥመዶች ተነሱ።

ዛሬ ስንመለስ ፌሪው፣ ማለት መሻገሪያው መርከብ ላይ ይሄን ለጋሼ ልነግራቸው አስቤ ተውኩት። ለምን እንደተውኩት ነገ እጽፋለሁ።


ማክሰኞ

ሃያ ወጥመድ። አርባ አንድ አረንጓዴ ሸርጣን።

ቁጥሩ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። መጠናቸው ነው የሚያስፈራው። ጥፍሬን የሚያካክሉ አሉ። የክብሪት ሳጥን የሚያካክሉ አሉ። መዳፌን የሚሞሉም አሉ። ትልልቆቹ የዛሬ ዓመት የገቡ አይደሉም። ከዚያ በፊት ነው።

አሁን ልጻፈው።

ጋሼ ደምሴ ቡሪየን የምትባለው ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ፣ የሠርግ ቀሚስ ያጠባሉ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቸርቻቸው ውስጥ አንድ ሰው «ትንሽ ነፋስ ያግኝዎት» ብሎ ከኛ በጎ ፈቃደኞች ጋር አስመዘገባቸው። ማንም ያልፈለገውን፣ በፌሪ ተሻግሮ የሚኬድበትን ጓዳውን ሰጠናቸው። በየወሩ ሳያጓድሉ ይሄዱ ነበር። የተቀደደ ወጥመድ ካገኙ እዚያው ቁጭ ብለው በመርፌና በዓሣ ክር ይሰፉታል። እንደሳቸው የተሰፋ ወጥመድ ቢሮአችን ውስጥ የለም።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከፌሪው ወርደው በቀጥታ ቢሮ መጡ። ጃኬታቸው እርጥብ ነበር። በእርጎ ዕቃ፣ በሶፍት ጠቅልለው የተሰበረ የሸርጣን ቅርፊት ይዘዋል። ግማሽ ቅርፊት። «ረምላ ልጄ፣ ይሄ ነገር አላማረኝም» አሉ።

እኔ ያን ቀን የማስረክበው ሪፖርት ነበረኝ። ያ ሪፖርት ደግሞ ስለዚያችው ሰላጤ ነበር! ተነስቼ እንኳ አልተቀበልኳቸውም። በዓይኔ ገረፍ አደረግኩትና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቀይ ነው፣ የምንፈልገው አረንጓዴ ነው» አልኩ። ሳቅኩኝም። እሳቸውም አብረውኝ ሳቁ።

ቀለም ምንም ማለት አይደለም። ስሙ ነው አረንጓዴ፣ ቀይም ቢጫም ይሆናል። ለበጎ ፈቃደኞች በመጀመሪያው ቀን የማስተምረው ይሄንን ነው። ቀለሙን ተዉት፣ ጥርሱን ቁጠሩ እላለሁ።

አልቆጠርኩም።

ቅርፊቱን የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት፣ ዕቃውን አጥቤ መለስኩላቸው። አጥቤ! ለዚያ ጊዜ ነበረኝ።

ሪፖርቱ ላይ «ምንም ምልክት አልተገኘም» ብዬ ፈረምኩ። ጋሼን ወደ ቅርብ ዳርቻ አዛወርናቸው። እኔ ይሄን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አስታውሼው አላውቅም ነበር። ትናንት ጭቃው ላይ ባልዲውን ሲያስጠጉልኝ ነው ትዝ ያለኝ።

እሳቸው ያስታውሱት ይሆን? ዛሬም አላነሱትም።

እህቴ ፎዚያ ከኦበርን፣ ከመጋዘን ሥራዋ ስትመለስ ኩሽና ውስጥ ቆሜ አገኘችኝ። ስካይዌይ ሰፈር የምንኖርባት ቤት ጠባብ ስለሆነች የሚደበቅ ፊት የለም። «ማን ሞተ?» አለች። ነገርኳት። ሰማችኝና «ሶ፣ አሁን ለሸርጣን ነው የምታለቅሺው?» አለች። ከዚያ ደግሞ ቆይታ መጥታ ትከሻዬ ላይ ሻርፕ ጣል አደረገችልኝ።


ረቡዕ

ቢሮ። ቀኑን ሙሉ ቁጥር።

አለቃዬ ሊንዳ አዲስ ግምገማ እስከ ዓርብ ጠዋት ትፈልጋለች። ሦስት አማራጭ፣ እያንዳንዱን በአንድ መስመር አስቀምጪ ብላኛለች። አስቀመጥኩ፦

፩. ጓዳውን በወጥመድ ሞልቶ ለዓመታት ሳያቋርጡ ማውጣት።
፪. ሣሩ ያለበትን ጥግ ብቻ መጠበቅ፣ ሌላውን መተው።
፫. ጓዳውን ትቶ፣ ያሉትን ወጥመዶችና ሰዎች ወደ ጎረቤቶቹ ሁለት ሰላጤዎች መውሰድ። እዚያ ገና አልታየም።

የመጀመሪያው የኔ ምኞት ነው። ሁለት ቡድን ብቻ ነው ያለን፣ እሱም ለጠቅላላው ዳርቻ። ስንቱን ወጥመድ፣ በስንት ቀን፣ በስንት ሰው ብዬ ገለባበጥኩት። ወጥመድ ትልልቆቹን ነው የሚይዘው። ትንንሾቹ በቀዳዳው ሾልከው ይወጣሉ፣ ጭቃ ውስጥ ይቀበራሉ፣ ያድጋሉ። አንዲት እናት የምትለቀውን እጭ ማንም አይቆጥረውም። የምናወጣው ከሚፈለፈለው ያንሳል። ቁጥሩን ከፍ አድርጌ ሞከርኩ። ያንሳል። የሌለንን ሰው ሁሉ እንዳለን አድርጌ ሞከርኩ። ያኔም ያንሳል።

ሁለተኛው ለኅሊና ማስታገሻ ነው። ሸርጣን አጥር አያውቅም።

ሦስተኛው ትክክል ነው። ሌላ ሰው የጻፈው ቢሆን ኖሮ ሳላመነታ እፈርምበት ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ሳልመለከት ጻፍኩ። አሁን ተመልክቼ ልጽፍ ነው፣ የተመለከትኩት ደግሞ ተዉአት የሚል ነው። ጥፋተኛዋ እኔ፣ ፍርዱን ሰጪም እኔ።

ወጥመዶቹን ዛሬ ያነሱት ጋሼና ሌሎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ስምንት ሰዓት ላይ ጋሼ ቴክስት አደረጉልኝ፦ «52። ጌታ ይርዳን።»


ሐሙስ

ነገርኳቸው።

ጠዋት ፌሪው ላይ ልናገር ብዬ ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። እሳቸው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው የተቀደደ ወጥመድ ይሰፉ ነበር። መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ነው። አንዲት ቱሪስት ፎቶ ልታነሳቸው ጠየቀች፣ በእጃቸው ምልክት እምቢ አሉ።

ሰላጤው ደረስን። ሃያውን ወጥመድ አነሳን። ስልሳ ሦስት። ባልዲዎቹ ውስጥ የቅርፊት መፋተግ ድምፅ ይሰማል። ቢሮ ወስደን ፍሪዘር ውስጥ ነው የምንገድላቸው። እሱንም እንደ ድል ቆጥሬው የነበረበት ጊዜ ነበር።

የቀትር ሶላት ዙህር ደርሶ ጆአን ግቢ ውስጥ ሰገድኩ። ጋሼ ፊታቸውን አዙረው ባልዲዎቹን ጠበቁልኝ። ስጨርስ ዳሩ ላይ የወደቀ ግንድ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩና እንዲህ አልኩ፦

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ በእርጎ ዕቃ ያመጡልኝ ቅርፊት ትዝ ይልዎታል?»

«ይለኛል» አሉ። ቆም ሳይሉ ነው ያሉት። አፋቸው ላይ ተቀምጦ የቆየ ይመስል።

«አልቆጠርኩትም። ሳላየው ነው የጣልኩት። ቀይ ነው ያልኩዎት ለመገላገል ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ጋሼ ጭቃውን አዩ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ወይም «አይዞሽ ልጄ» ይላሉ ብዬ። ከሁለቱም አንዱን አላሉም።

«እኔ ቆጥሬው ነበር» አሉ። «አምስት ነበር። የቀሚስ ጠርዝ በዚግዛግ መቀስ ስቆርጥ ኖሬያለሁ፣ ጥርስ መቁጠር አይጠፋኝም። አንቺ ቀይ ነው ስትዪኝ ግን፣ የተማረች ልጅ ናት፣ እኔ ጨርቅ ነው የማውቀው አልኩ።»

«ጋሼ…»

«ቆይ፣ ልጨርስ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን ብቻዬን ተመልሼ መጥቻለሁ። ወጥመድ ከተነሳ በኋላ ነው። ዝም ብዬ ልሂድ ብዬ። ሌላ አገኘሁ። ሙሉ። እዚያ፣ የጆአን ደረጃ ሥር። በሁለቱም በኩል አምስት። ይዤ ትንሽ ቆምኩ። ደግሞ ይዤላት ብሄድ ትስቃለች አልኩና ውሃው ውስጥ ወረወርኩት።»

አንድ ቅርፊት ብቻ የጣልኩ መስሎኝ ነበር። እኒህ ሰውዬ የገዛ ዓይናቸውን እንዳያምኑ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

«እኔም ጥፋት አለብኝ» አሉ። «የለብዎትም» አልኩ። «አለብኝ። አትንጠቂኝ» አሉ። ድምፃቸው ትንሽ ጠነከረ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን እንዲህ ተናግረውኝ አያውቁም።

ስንመለስ ፌሪው ላይ የጀመሩትን ወጥመድ ሰፍተው ጨረሱ። ከመርከቡ ወርደን መኪናቸው ጋ ስንደርስ «ነገ ስንት ሰዓት?» ብለው ጠየቁኝ። ነገ ሚቲንግ አለኝ፣ ቅዳሜ ነው የምንሄደው አልኳቸው። ለምን እንደምንሄድ አልነገርኳቸውም።


ዓርብ

አስረከብኩ። ሦስተኛው አማራጭ። ጓዳውን መተው።

ሊንዳ ክፍሏ ውስጥ አነበበችው። ሁለቴ። «ይሄን አምነሽበት ነው ወይስ ደክሞሽ ነው?» አለችኝ። «ሁለቱንም» አልኳት።

ከዚያ ስለ ቅርፊቱ ነገርኳት። የጋሼን ሁለተኛ ሸርጣን አላነሳሁም፣ እሱ የሳቸው ነው። የኔን ግን ምንም ሳላስቀር፣ ዕቃውን አጥቤ መመለሴን ሳይቀር ነገርኳት። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች።

«ያኔ ብናውቅ ኖሮ እናጠፋቸው ነበር?» አለች።

«ምናልባት።»

«እኔም ከምናልባት ሌላ የምለው የለኝም። ሪፖርቱ ውስጥ ጻፊው። የሰው ስም አትጥሪ፣ ግን ጻፊው።»

በቃ። ይኸው ነው። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ደብዳቤ የለ። እንዲያውም ስወጣ «ኦኬ ነሽ?» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የሚቆጣ ሰው ገና የሚድን ነገር አለ ብሎ ያስባል።

ሪፖርቱ ላይ ይሄን ጨመርኩ፦ «ከሁለት ዓመት በፊት ከሰላጤው የመጣ ቅርፊት ለገምጋሚዋ ቀርቦ ሳይመረመር ተጥሏል። በዚህ የተነሳ የተሰጠው ደረጃ ስህተት ነበር።» ሁለት መስመር። ሠላሳ ገጽ ውስጥ ማን ያየዋል?

የጁምዓ ሶላት አመለጠኝ። ማታ ፎዚያ ምግብ አሙቃ አስቀመጠችልኝ፣ አጠገቤም ተቀመጠች። «አሁን ጨረስሽ?» አለች። ጨርሻለሁ አልኳት። «ታዲያ ለምን አትበዪም?» አለች። ሁለት ጉርሻ በልቼ ተነሳሁ።


ቅዳሜ

የመጨረሻ ቀን በጓዳው።

ለጋሼ ፌሪው ላይ ነገርኳቸው። ወጥመዶቹን ልናነሳ ነው እንጂ ልንጥል አይደለም አልኩ። ለምን እንደሆነ ቁጥሩን አውጥቼ አሳየኋቸው። ወረቀቱን ተቀብለው እስከ መጨረሻው አነበቡት፣ በጣታቸው እየተከተሉ። ሁለት ቦታ ጠየቁኝ። አንዱ ጥያቄያቸው ጥሩ ነበር፣ ያሰብኩበት አልነበረም። መልሱ ግን ነገሩን አይለውጠውም።

«እንግዲህ እዚህ የሚሆን የለም» አሉ ወረቀቱን አጥፈው ሲመልሱልኝ።

«የለም ጋሼ።»

ከዚያ እስክንደርስ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ጆአን ቢጫ ቦት ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ጠበቀችን። ኬክ ጋግራ ነበር። የምፈራው ይሄን ሰዓት ነበር። ሳልዞር፣ ሳላለሳልስ ነገርኳት። ክላሞቹን ልናድንላት እንደማንችል፣ ቡድናችን ወደ ጎረቤት ሰላጤዎች እንደሚሄድ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ።

«ስንት ጊዜ አላቸው?» አለች። ስለ ክላሞቹ ነው።

አላውቅም አልኳት። ትንንሾቹ መጀመሪያ ያልቃሉ፣ ትልልቆቹ ትንሽ ይቆያሉ።

«ፎቶውን የላክሁላችሁ እንድትመጡ ነበር» አለች። «ለአንድ ሳምንት መጥታችሁ እንድትሄዱ አልነበረም።»

በሩን ዘጋችው። ጓ አላደረገችውም፣ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ኬኩን የያዘው ሳህን ውጭ፣ አግዳሚው ላይ ቀረ። ማናችንም አልነካነውም።

ሰባ አንድ አወጣን። ሃያ ወጥመድ ከጭቃው ነቅለን አጥበን መኪናው ላይ ጫንን። ውሃው ሲመለስ ዳሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው። ከላይ ለሚያይ ሰው ምንም የሆነ ነገር የለም። በሚቀጥለው ዓመት አሥር ቦታ የተላጨ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ መጥቼ የማየው አይመስለኝም።

እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፣ አሁንም የማጥመጃው ዓሣ ይሸተኛል።


እሑድ

ጎረቤት ሰላጤ። ትናንት ከጓዳው ስንመለስ አሥራ ሁለት ወጥመድ ጥለንባት ነበር። ዛሬ ብቻዬን ሄድኩ፣ ጋሼ እሑድ ቸርች ነው።

ዝናብ። ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጣል። አንድ ጊዜ ቦት ጫማዬ ተቀብሮ ቀረና በካልሲ ቆሜ ስጎትተው አለቀስኩ። ማንም ስላልነበረ እንደልቤ አለቀስኩ።

አንደኛው፣ የኛዎቹ። ሁለተኛው፣ ባዶ። ሦስተኛው፣ አንድ ትንሽ ዓሣ ብቻ። አራተኛው፣ የኛዎቹ… እስከ አሥራ ሁለተኛው እንዲሁ። እያንዳንዱን አገላብጬ ቆጠርኩ። የኛ መሆናቸውን እያወቅኩ ቆጠርኩ። አንድም ባለ አምስት ጥርስ የለም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጓዳውም ያኔ ባዶ ነበር የተባለው። ሳንይዛቸው የቀሩት እናቶች የለቀቁት እጭ ዛሬ የት እንዳለ ማን ያውቃል? ውሃው ከጓዳው ወጥቶ በዚህ በኩል ነው የሚያልፈው።

የፌሪ ሰልፍ ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስጠብቅ ጋሼ ኮል አደረጉ። ከኋላቸው የመዝሙር ድምፅና የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል። ገና ከቸርች መውጣታቸው ነው። ሰላምታውንም አላረዘሙም።

«ምን ተገኘ?»

«ምንም ጋሼ። አሥራ ሁለቱም ምንም የለም።»

ከዚያ «ምንም የለም ነው፣ ወይስ ምንም አላየሽም?» አሉኝ።

በፊት ቢሆን እንዲህ አይጠይቁኝም ነበር።

«ምንም አላየሁም» አልኩ።

«እሱ ይሻላል» አሉ። «ማክሰኞ ሱቁን በጊዜ ዘግቼ እመጣለሁ። እኔም በዓይኔ ልየው።»

«ይምጡ» አልኳቸው።

ስልኩን ዘግቼ የወጥመዶቹን ውጤት የምመዘግብበትን ቅጽ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ጭቃው ላይ ቆሜ የሞላሁት ነው፣ ጫፉ ርሷል። በአሥራ ሁለቱም መስመር «የለም» ብዬ ጽፌያለሁ። አንድ በአንድ ሰርዤ «አልታየም» ብዬ ጻፍኩ። እስከ ማክሰኞ የማውቀው ይኼንን ብቻ ነው።